ሳይሰሙ መፍረድ እንዳይገባ
ጎልማሶች ስለ ወጣቶች ዘፈን ሊያስተውሉት የሚገባ ትምህርት



አባት ልጁን ስለ ብዙ ነገር ይገሥጻል፤ ስለ ትምህርቱ፥ ስለ ባልንጀሮቹ፥ ስለ ገንዘብ አወጣጡም። ነገር ግን በቤት ውስጥ ዕለት ዕለት ቅሬታን ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ ዘፈን ነው። ልጁ የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ይቀመጣል፤ አባቱ ሁለት ጊዜ ይጠራዋል፤ በሦስተኛው ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ «ይህን ጫጫታ ተውና ስማኝ» ይላል። ልጁም ይነሣል፤ የታዘዘውንም ይፈጽማል፤ ልቡ ግን አልታዘዘም። አባቱ ጫጫታ ብሎ የሰደበውን ነገር አንድ ቀን እንኳ እንዳልሰማው ያውቃልና።

ይህም በታላላቅ ከተሞች ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው መንገድ በባጃጅ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነጂው ወጣት ነው፤ ከኋላ የተገጠመው ድምፅ ማጉያ የመቀመጫውን ብረት ያንቀጠቅጠዋል፤ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው፥ «ልጄ፥ እስኪ ቀነስ አድርገው» ይላሉ፤ በአጠገባቸው የተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች ግን ግጥሙን ከዘፋኙ ጋራ በቃላቸው ይሉታል። በአንዲት ባጃጅ ውስጥ ሁለት ዘመን ተሳፍሮአል፤ በመካከላቸውም አስተርጓሚ የለም።

ይህ ጽሑፍ ዘፈን መስማት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር ለመቍረጥ አልተጻፈም። ልጅህ አስቀድሞ እየሰማ ነውና። የተጻፈው ስለ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለወጣት የተሰናዳ ዘፈን በጎልማሳ ጆሮ ላይ በወደቀ ጊዜ ጎልማሳው እንዴት አድርጎ ይመዝነው? የመዘነውንስ እንዴት አድርጎ ይናገረው? ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በስተኋላ እንደምታየው ከትንሽነቱ ይልቅ ክብደቱ ይበልጣል።


፩፤ ለምሳሌ የተመረጠው ሥራ

በደፈናው የተነገረ ነገር ለማንም አይጠቅምምና አንድ የታወቀ ሥራ እንያዝ። በ2010 ዓ.ም. ሮፍናን ኑሪ የተባለ ወጣት ሙዚቀኛ «ነጸብራቅ» የሚል ስም የሰጠውን የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ከዚያ በፊት በሕዝብ ጉባኤና በጭፈራ ቤት ሙዚቃ በማጫወት፥ ሰው ዲጄ በሚለው ሥራ ይታወቅ ነበር። በአልበሙ ግን ደራሲም አቀናባሪም ዘፋኝም ሆኖ ቀረበ። ሥራውንም ቀድመው የተቀበሉት ተማሪዎችና ወጣቶች ናቸው። ብዙ ጎልማሶች ስሙን የሰሙት ከልጆቻቸው አፍ ነው።

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚባለው በምን ይሠራል ብለህ ብትጠይቅ፥ ነገሩ እንዲህ ነው። ከበሮውን የሚመታው እጅ አይደለም፤ ኮምፒውተር ነው። አቀናባሪው አንዲት አጭር ምት ወይም አንዲት አጭር ዜማ ይሠራል፤ ወይም ከመሣሪያ ወይም ከሰው ድምፅ ጥቂት ቍራጭ ይቀርጻል። ያችንም ቍራጭ ኮምፒውተሩ እንዲመላልሳት ያዝዛል፤ በላይዋ ሁለተኛ፥ በሁለተኛይቱም ላይ ሦስተኛ ይደርባል። ለጭፈራ የተሰናዳ ሲሆን ምቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ደቂቃ ከ120 እስከ 130 ይደርሳል፤ አራት አራት እየሆነም እኩል ይረግጣል። ከዚህ በኋላ አቀናባሪው ድምፁን እየጨመረ፥ እያፋፋመ ይሄዳል፤ በድንገትም ከበሮውን ያቋርጠዋል፤ ሰሚው ትንፋሹን ይዞ በሚጠብቅበት ጊዜ ምቱን በሙሉ ኀይሉ ይመልስለታል። ወጣቶቹ በአንድነት የሚዘልሉት በዚያች ቅጽበት ነው።

«ነጸብራቅ» በዚህ ዓይነት ሙዚቃ መንገድ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ቋንቋው አማርኛ ነው፤ በብዙ ስፍራም የሀገር ዜማና የሀገር ጨዋታ ከኮምፒውተሩ ምት ጋራ ተገናኝቶ ይሰማል። እንግዲህ ጎልማሶች በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ አዘውትረው የሚያቀርቡትን ሦስት ክስ አንድ በአንድ እንመርምር። ክሶቹም፥ «የፈረንጅ ነው»፥ «ይደጋግማል»፥ «ጫጫታ ነው» የሚሉ ናቸው።


፪፤ «የፈረንጅ ነው» ስለሚለው ክስ

አባቶቻችን፥ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለዋል፤ ቃሉም እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ቃል በወጣቱ ላይ ከመወርወርህ በፊት በራስህ ቤት ያለውን ወርቅ ከወዴት እንደ መጣ ጠይቅ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ አርባ የሚሆኑ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ታሪክ «አርባ ልጆች» የሚላቸው እነዚህ ናቸው። መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበረ። መለከቱና ሳክስፎኑ በቤተ መንግሥትና በጦር ሠራዊት ቤት እየተለመደ ሄዶ፥ ከዚያም ወደ ክቡር ዘበኛና ወደ ፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች፥ ወደ ቴያትር ቤቱም ደረሰ። ዛሬ አንድ ጎልማሳ በሳክስፎን የተነፋ የትዝታ ዜማ ሲሰማ ዐይኑን ጨፍኖ፥ «የሀገሬ ዜማ» ይላል። መሣሪያው ግን የቤልጅግ ሰው የፈለሰፈው ነው፤ ወደ እኛ ከመጣም ረጅም ዘመን አይደለም። አባቶቻችን መሣሪያውን ተቀበሉ፤ ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልን፥ አንቺ ሆዬን ግን አልለቀቁም። የዘመናዊው ሙዚቃችን በር ከፋቾችም ልጆች እንደ ነበሩ አትርሳ።

ዳግመኛም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 የሆነውን አስታውስ። ሸክላ የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ቴያትር የተጠበቀ ሳለ፥ አምሃ እሸቴ የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት በራሱ ገንዘብና በራሱ ድፍረት ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያውም የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነበረ። ዓለማየሁ ጠጕሩንና አለባበሱን እንደ አሜሪካዊው ኤልቪስ ፕሬስሊ ያደረገ፥ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» የተባለ ሰው ነው። ያ ኤልቪስም በሀገሩ ገና በጎልማሶች ዘንድ የተነቀፈ ነበረ፤ በ1957 በቴሌቪዥን በቀረበ ጊዜ ወገቡን ሲያወዛውዝ እንዳይታይ ብለው ከወገቡ በላይ ብቻ አሳዩት። ዛሬ ግን ያ የዓለማየሁና የዘመን ጓደኞቹ ዘፈን የጨዋ ሰው ሙዚቃ ሆኖአል፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶም «ኢትዮፒክስ» በሚባሉ ተከታታይ አልበሞች በዓለም ላይ አሰራጨው። ልጁን፥ «የእኛን ዘመን ዘፈን ስማ» የሚለው አባት፥ ያን ዘፈን በወጣትነቱ ሲሰማ የራሱ አባት ምን ብሎት እንደ ነበረ ቢያስታውስ መልካም ነው።

እንግዲህ በ«ነጸብራቅ» ላይ ስፈርድ እንዲህ እላለሁ። ምቱ የተዋሰው ነው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በተዋሰው ሸማ መሥሪያ የራሱን ጥለት ለመሥራት ሞክሮአል። የሀገሩ ዜማ ገብቶ በተሰማበት ስፍራ ሥራው ይበረታል። የሚደክመው የሀገር ጨዋታ ለጌጥ ብቻ ጣል ተደርጎ ከበሮው ብቻውን በሚነዳበት ስፍራ ነው። የእኛ ችክችካ በስድስት የሚቈጠር፥ እንደ ፈረስ ግልቢያ ከፍ ዝቅ የሚል ነው፤ በአራት እኩል ምት ላይ ሲያስቀምጡት አንዳንድ ጊዜ ይመቸዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በጠባብ ጫማ እንደ ገባ እግር ይጨነቃል። «የፈረንጅ ነው» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ «እዚህ ላይ ተስማምቶአል፥ እዚያ ላይ አልተስማማም» ብሎ መናገር ግን መስማትን ይጠይቃል። ወጣቱ የሚቀበለው ሁለተኛውን ነው።


፫፤ «ይደጋግማል» ስለሚለው ክስ

ይህ ክስ በሌላ ሀገር ሰው አፍ ሲነገር ብዙ አያስደንቅም፤ በጋሞ ምድር የተወለደ ወይም በዚህ የኖረ ሰው ሲናገረው ግን ያስደንቃል። ከእኛ በስተ ደቡብ በጊዶሌ በኩል ያሉት የዲራሼ ሰዎች «ፊላ» የሚሉት የትንፋሽ ሙዚቃ አላቸው። ከቀርከሃ የተቈረጡ ረጃጅምና አጫጭር ዋሽንቶች ናቸው፤ እያንዳንዱም አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። አንድ ሰው ብቻውን ቢነፋ ዜማ አይወጣም። ሁሉም በየተራቸው፥ ድምፃቸውን እያቀባበሉ፥ እየዞሩና እየረገጡ ሲነፉ ግን ከመካከላቸው የማንም ያልሆነ፥ የሁሉም የሆነ ዜማ ይነሣል። ያ ዜማ ይመላለሳል፤ ብዙ ጊዜም ይመላለሳል። «ይደጋግማል» ብሎ ከአደባባዩ ጥሎ የሚሄድ ሽማግሌ ግን አላየንም።

ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ የሚገኙት ዶርዜዎችም እንዲሁ ናቸው። የዶርዜ ዘፈን ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚሰማበት፥ አንዱ ወገን አንዱን ቃል ይዞ ሲቈይ ሌላው በላዩ የሚያልፍበት ነው። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ሊቅ በርናር ሎርታ ዣኮብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት መጥቶ አጥንቶታል፤ ቀርጾም ለዓለም አሰምቶታል። የዶርዜ ሰው የእጅ ሥራም ይህንኑ ያስተምራል። ሸማኔው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራም ወደ ቀኝ ይልካል፤ በአንድ ቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚልከው ማን ይቈጥረዋል? ድሩ ያው ነው፤ ማጉም ያው ነው። ነገር ግን በዚያ ምልልስ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየለወጠ ይሠራል፤ በመጨረሻም ጥለቱ ይታያል። ምልልሱ ባዶነት አይደለም፤ ጥለቱ የሚቀመጥበት መደብ ነው።

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃም በዚሁ ሕግ ይሠራል። ስለዚህ «ይደጋግማል ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፤ «ከምልልሱ ውስጥ ጥለት ይወጣል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። በ«ነጸብራቅ» ላይ ይህን ጥያቄ ሳቀርብ የማገኘው መልስ የተከፈለ ነው። በመልካሞቹ ዘፈኖች ውስጥ አንዲት ትንሽ ዜማ በዝቅታ ትጀምራለች፤ ሌሎች ይጨመሩባታል፤ ከመጨረሻው በፊት ትጠፋለች፤ ስትመለስም ሌላ ትርጕም ይዛ ትመለሳለች። ይህ የሠሪውን ትዕግሥት ያሳያል። አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባንድነት ለሚሰማ ጎልማሳ ጆሮ ግን የአሠራሩ መንገድ እየታወቀ ይሄዳል፤ ምቱ የሚቋረጥበትንና የሚመለስበትን ጊዜ አስቀድሞ ያውቀዋልና መደነቁ ይቀንሳል። ወጣቱ ያችን ቅጽበት የሚወድዳት አስቀድሞ ስለሚያውቃት ነው። እኔን የምታደክመኝም አስቀድሜ ስለማውቃት ነው። ይህ የዕድሜ ልዩነት እንጂ የማንም ጥፋት አይደለም።

ነገር ግን ፊላና ኮምፒውተር በአንድ ነገር ይለያያሉ፤ ይህንንም ወጣቱ ሊያስብበት ይገባል። ፊላ ያለ ጎረቤት አይነፋም። አንዱ ቢቀር ድምፁ ይጎድላል፤ ስለዚህ የታመመውን ይጠይቁታል፥ የተቈጣውን ያስታርቁታል። ኮምፒውተር ግን የሃያውን ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ይሰጠዋል። ይህ ለድኻ ወጣት ታላቅ በረከት ነው፤ ባንድ ለማቋቋም ገንዘብ የሌለው ልጅ በጓዳው ተቀምጦ ሙዚቃ ይሠራልና። የሚያጎድለውም ነገር አለ፤ መጠባበቅን አያስተምርም።


፬፤ «ጫጫታ ነው» ስለሚለው ክስ

ይህን ክስ በሁለት እንክፈለው፤ አንደኛው ስለ ጣዕም ነው፥ ሁለተኛው ስለ ጤና።

ስለ ጣዕም ሲሆን፥ በ«ነጸብራቅ» ላይ የማቀርበው እውነተኛ ነቀፋ ይህ ነው። ከበሮው በበረታበት ስፍራ ቃሉ ይሸፈናል። አማርኛ ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ ነው፤ ሰሙን ለመስማት ጊዜ ያላገኘ ሰው ወርቁን ከየት ያገኛል? አዝማሪ በመሰንቆ ሲጫወት ግጥሙን ከጣለ በኋላ መሰንቆውን ዝም ያሰኛል ወይም ያቀዘቅዛል፤ ሰሚው ይስቃል፥ ያስባል፥ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። የጭፈራ ሙዚቃ ግን ለሰሚው ሐሳብ ዕረፍት አይሰጠውም። ዳግመኛም የዘፋኙ ድምፅ በመሣሪያ እየታሸ ሲወጣ የሰውነት ሻካራነቱ ይጠፋል። የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ የወደድነው በሕማሙም በትንፋሹም ነበረ። በዚህ ሥራ ላይ ዘፋኙ ድምፁን ገልጦ ከከበሮው ወጣ ባለበት ስፍራ ሁሉ ይበልጥ ይደነቃል፤ እንዲህ ያለውን ስፍራ ቢያበዛው በወደድሁ ነበር።

ስለ ጤና ሲሆን ግን ነገሩ ጣዕም አይደለም፤ ሽማግሌው ዝም ሊል የማይገባው በዚህ ላይ ነው። በጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ እንደ ጠጕር የረቀቁ ሕዋሳት አሉ፤ ቍጥራቸውም በአንድ ጆሮ ወደ 15,000 ይደርሳል። በብርቱ ድምፅ የሞተ ሕዋስ እንደ ጥፍር ወይም እንደ ቍስል ቆዳ ተመልሶ አይበቅልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ማስጠንቀቂያ 1.1 ቢሊዮን የሚሆኑ ወጣቶች በዚህ ምክንያት የመስማት አደጋ እንዳለባቸው አስታውቆአል። በድርጅቱ ልክ መሠረት፥ የድምፁ ብርታት 80 ዴሲቤል ሲሆን ትልቅ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሊሰማ አይገባውም፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቍጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፥ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት ብቻ ማለት ነው። ጩኸት በበዛበት መንገድ ላይ ሆኖ የጆሮ ማዳመጫውን እስከ መጨረሻው የሚከፍት ልጅ ይህን ልክ በጥቂት ቀን ያልፈዋል። የስልኩን ድምፅ ከመጨረሻው መጠን ከመቶ 60 እጅ በታች ማድረግ፥ በየጊዜውም ጆሮን ማሳረፍ የሚበጅ ነው። ከዘፈን በኋላ ጆሮው ጭው የሚልበት ሰው ማስጠንቀቂያው ደርሶታል።

ልብ አድርግ፤ ይህ ምክር በመዝሙርም በዘፈንም፥ በድሮውም በአዲሱም ላይ እኩል ይሠራል። እውነተኛውን ጕዳት የሚያውቅ አባት የሐሰት ጕዳት መፍጠር አያስፈልገውም። «ይህ ሙዚቃ ያሳብድሃል» ብትለው ልጅህ ይስቅብሃል፤ «ድምፁን ቀንሰው፥ በአርባ ዓመትህ የልጅህን ድምፅ መስማት ያቅትሃልና» ብትለው ግን ያስባል።


፭፤ ለወላጆችና ለአስተማሪዎች የሚሆን ምክር

አንደኛ፤ ከመናገርህ በፊት ሙሉውን ስማ። በመንገድ ላይ በግማሽ ጆሮ የተሰማ ነገር እንደ ተሰማ አይቈጠርም። ሰዎች፥ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ፤ ነገር ግን ሊጡ ተጋግሮ ሳይቀመስ ይህን ማን ሊያውቅ ይችላል?

ሁለተኛ፤ ልጅህን ከአልበሙ አንድ ዘፈን መርጦ እንዲያሰማህ ጠይቀው፤ ስለ ምን እንደ መረጠውም ይንገርህ። ከመረጠው ዘፈን ይልቅ የመረጠበት ምክንያት ስለ ልጅህ ብዙ ይነግርሃል። አንዱ ስለ ፍቅር፥ አንዱ ስለ ብቸኝነት፥ አንዱ ስለ ሀገር ይመርጣል፤ አንዳንዱም ባልንጀራው ስለ መረጠው ብቻ ይመርጣል።

ሦስተኛ፤ ምስጋናህን ከነቀፋህ አስቀድም፤ ምስጋናህ ግን ሐሰተኛ አይሁን። ወጣት ሽንገላን ቶሎ ያውቃል። የወደድኸው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ያንኑ አንዱን ተናገር።

አራተኛ፤ ነቀፋህን በሥራው ላይ አድርግ እንጂ በልጁ ዕድሜ ላይ አታድርግ። «ቃሉ አይሰማም» ማለት በሥራው ላይ መፍረድ ነው። «የዛሬ ልጆች ምን ታውቃላችሁ» ማለት ግን በልጁ ላይ መፍረድ ነው፤ ከዚህ በኋላ ስለ ሙዚቃ የሚደረግ ጨዋታ ሁሉ ያበቃል።

አምስተኛ፤ አንተ የምትወድደውን አሰማው። ትእዛዝ አድርገህ ሳይሆን ተራህን ጠብቀህ አሰማው። የእርሱን ሰምተህለታልና የአንተን ለመስማት ዕዳ አለበት።


፮፤ ለወጣቶች የሚሆን ምክር

አንተም ወጣት ሆይ፥ አንቺም ወጣት ሆይ፥ ይህ ጽሑፍ የእናንተን ወገን ብቻ ይዞ የተጻፈ አይምሰላችሁ። ሽማግሌ ሳይሰማ ሲፈርድ ነውር ከሆነ፥ ወጣትም የድሮውን ሳይሰማ፥ «ያረጀ ነው» ሲል ያው ነውር ነው። በሚሞሪ ካርድ ላይ ሦስት መቶ ዘፈን ጭኖ የአያቱን አንድ ዜማ የማያውቅ ልጅ ባለጠጋ አይደለም። አዲሱን ከሀገሩ ዜማ ጋራ የሚያጋጥም ሙዚቀኛ ስትወድዱ፥ ያጋጠመው ምንጭ ከወዴት እንደ ሆነ ፈልጉ፤ ምንጩ በእናንተ ምድር ላይ ነውና። እርሱ በኮምፒውተር የሚሠራውን ምልልስ በዶርዜና በጊዶሌ ሰዎች በትንፋሻቸው ይሠሩታል።

ዳግመኛም በየቀኑ ጥቂት ሰዓት የጆሮ ማዳመጫውን ንቀሉ። ሙዚቃ ከባልንጀራ ጋራ ሲሰማ ጨዋታ ይወልዳል፤ ሁልጊዜ ለብቻ ሲሰማ ግን በሰውና በሰው መካከል ግድግዳ ይሆናል። እናት ከወጥ ቤት ስትጣራ ሦስት ጊዜ ልትጣራ አይገባትም።


፯፤ ነገሩ ከባድ የሆነበት ምክንያት

አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት፥ «ስለ ዘፈን ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል?» ትል ይሆናል። መልሱን ከዚህችው ከተማ ታሪክ እሰጥሃለሁ።

«ነጸብራቅ» ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በመስከረም 2011 ዓ.ም.፥ በቡራዩና በአካባቢዋ በጋሞ ተወላጆችና በሌሎችም ላይ ጥቃት ደረሰ፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ፥ ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች በኀዘንና በቍጣ ወጡ፤ በከተማይቱ በሚኖሩ በደል በሌለባቸው ሰዎችና በንብረታቸው ላይ በቀል ሊያደርጉም ተነሡ። በዚያን ጊዜ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዐት ሣር ይዞ የሚለምንን ሽማግሌ ተራምዶ ማለፍ ጎሜ ነው፤ ከነውርም የከፋ ነው። ወጣቶቹም ቆሙ፤ ተመለሱም። ይህን ነገር የኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ አይቶ ተደነቀ።

እነዚያ ወጣቶች ያ አልበም ሲሰማበት በነበረው ዓመት የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ምናልባትም ከእነርሱ ብዙዎቹ በዚያው ሳምንት እየሰሙት ነበር። በጆሮአቸው አዲስ ሙዚቃ ስለ ነበረ የአባቶቻቸውን ልመና ከመስማት አልተከለከሉም። ይህ ለሚፈራ አባት ታላቅ መጽናናት ነው።

ነገር ግን ሌላውንም ወገን ተመልከት። አባቶቹ በዚያ ቀን ወጣቶቹን የመለሱበት ኀይል በዚያ ቀን የተገኘ አይደለም። የሽማግሌ ቃል በጎተራ እንዳለ እህል ነው፤ በደኅና ቀን የበተነው በክፉ ቀን አያገኘውም። ስለ ልብስ፥ ስለ ጠጕር፥ ስላልሰማው ዘፈን በየቀኑ እየተቈጣ ቃሉን የሚበትን አባት፥ ቃሉ ደም የሚያድንበት ቀን በመጣ ጊዜ ጎተራው ባዶ ይሆንበታል። ልጁ ከብዙ ቍጣዎች መካከል የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ ሊለይ አይችልምና። ያልሰማውን ከመንቀፍ የሚታገሥ፥ ሰምቶም በልክ የሚፈርድ አባት ግን በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ጎተራው ይጨምራል። እነዚያ አባቶች ስለ እውነተኛው ነገር ጕልበታቸውን አጠፉ፤ ስለዚህም ተሰሙ።

ስለ አልበሙ የሰጠሁትን ፍርድ አንተ ሰምተህ ልትለውጠው ትችላለህ፤ በጥለቱ በኩል መልካም፥ በቃሉ በኩል የተሸፈነ፥ ለወጣት እግር የተሰናዳ፥ ለጎልማሳ ጆሮም ጥቂት ስፍራ የተወ ሥራ ነው ብያለሁ። ልጅህ በዚህ ባይስማማ ደስ ይበልህ፤ ስለ ምን እንደማይስማማ ሊነግርህ አጠገብህ ይቀመጣልና።


ለማስተዋል የሚሆኑ ጥያቄዎች

1፤ በዚህ ዓመት በልጆችህ ወይም በተማሪዎችህ ዘንድ የሚወደደው አልበም ማን ይባላል? ሙሉውን ሰምተኸዋልን?

2፤ «የሀገር ዜማ» ከምትላቸው ዘፈኖች መካከል ከውጭ በመጣ መሣሪያ የሚዘፈኑት የትኞቹ ናቸው?

3፤ ፊላ የሚነፉ ሰዎች ከኮምፒውተር ይልቅ የሚያስተምሩት ምንድር ነው? ኮምፒውተር ለድኻ ወጣት የሚሰጠውስ ምንድር ነው?

4፤ በዚህ ሳምንት ለልጅህ ከተናገርኸው ቍጣ መካከል ለክፉ ቀን ሊቀመጥ ይገባው የነበረው ቃል የትኛው ነው?

5፤ ወጣት ሆይ፥ አባትህ ወይም እናትህ በአንተ ዕድሜ ሳሉ የወደዱት ዘፈን የትኛው ነው? ጠይቀሃቸው ታውቃለህን?